ድንኳኑ አፈሰሰ ወይስ አላበው?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት አስጎብኚ በማለዳ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ብርቱካናማ ድንኳን ነበር። «እትዬ፣ ይህ ድንኳን ያፈሳል። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ግጭ ካምፕ ላይ እንግዶቼ ከነመኝታቸው ረጥበው አደሩ» አለኝ። መጀመሪያ የጠየቅሁት «ዘንቦ ነበር ወይ?» ብዬ ነው። ልጁ ዝም አለ። ደባርቅ ላይ ዝናብ ካየን አሥር ቀን አልፎን ነበር፤ ግጭም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከዋክብቱ አንድ በአንድ እየተቆጠሩ ነበር ያደረው።

እኔ ደባርቅ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ለብዙ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርምና የሠርግ ልብስ ብቻ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ከተማችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር ስለሆነች አስጎብኚዎቹና ምግብ አብሳዮቹ መጀመሪያ የተበላሸ ዚፕ፣ ቀጥሎ የተቀደደ ወለል፣ በኋላም ሙሉ ድንኳን ያመጡልኝ ጀመር። ዛሬ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ከእጄ ሥራ ግማሹ ድንኳን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርሁት አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ «ያፈሳል» ተብለው ከሚመጡልኝ ድንኳኖች አብዛኞቹ አያፈሱም። ውሃው ከውጭ አልገባም፤ ከተኙት ሰዎች ወጥቶ ጣሪያው ላይ የተጠራቀመ ትንፋሽ ነው።

ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ድንኳን ተቀብዬ ስፌቱን በሙሉ ሙጫ ቀባሁት፤ ሁለት ቀን የፈጀ ሥራ ነበር፤ ገንዘቤንም ተቀበልሁ። በሳምንቱ እንደ ረጠበ ተመለሰ። ገንዘቡን መለስሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳላረጋግጥ የሙጫ ቱቦ አልከፍትም። እናንተም አትክፈቱ።

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። በታኅሣሥ ማለዳ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ እያለ ብርድ ልብሱ ላይ የሚወርደው ዝናብ አይደለም፤ ሌሊቱን የተነፈስነውና ከጀበናው የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ነው። እንጀራ የጋገረችም ሴት የቆርቆሮ አክንባሎ ስትከፍት በጥንቃቄ ወደ ጎን የምታዘነብለው ለዚሁ ነው፤ ጠብታው እንጀራው ላይ እንዳይወድቅ። እናቴ ቤታችን ውስጥ ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ ወጠረች። ቆርቆሮው ማላቡን አልተወም፤ ነገር ግን ጠብታው አቡጀዲው ላይ አርፎ ወደ ግድግዳው ይወርድ ጀመር፤ እኛም በደረቅ ተኛን። ባለ ሁለት ንብርብር ድንኳን ማለት ይኸው ነው። የውጪው ጨርቅ ቆርቆሮ ነው፤ የውስጡ ስስ ጨርቅ አቡጀዲ ነው። ባለ አንድ ንብርብሩ ድንኳን ኮርኒስ የሌለው ቤት ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን ጠብታው በቀጥታ እናንተ ላይ ይወርዳል።

የእድራችን የሸራ ድንኳን ለምን እንደዚህ አያልበውም ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሸራው ጥጥ ነው። ጥጥ እንፋሎቱን በቀዳዳዎቹ ያሳልፋል፣ ትንሹንም እርጥበት ራሱ ይጠጣዋል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ የስፌት ክሩም እንዲሁ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። ድንቅ ጨርቅ ነው፤ ግን ለማንሳት ስንት ጎረምሳ ይፈልጋል። ሁለት ሰው የሚያስተኛው ቀላል ድንኳን ግን 2 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህ ቅለት የተገኘው ጨርቁ ስስ ናይለን ወይም ፖሊስተር ሆኖ፣ ላዩ ውሃም አየርም በማያሳልፍ ሽፋን ስለተቀባ ነው። ዝናቡን የሚከለክለው ሽፋን ትንፋሻችሁንም ውስጥ ያስቀረዋል። ዝናቡን እየከለከለ ትንፋሹን የሚያስወጣ ተአምር ከዚህ ሽፋን አትጠብቁ።

እስኪ ስሌቱን አብረን እንይ፤ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። የሰው አካል ሳይሠራና ሳያልበው እንኳ በትንፋሽና በቆዳ በቀን 800 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። በ8 ሰዓት እንቅልፍ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ማለት ነው፤ ለሁለት ሰው ግማሽ ሊትር። በከፍታ ቦታ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ እኛም ቶሎ ቶሎ ስለምንተነፍስ ከዚህ ይበልጣል። አሁን አየሩን ተመልከቱ። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ 9 ግራም፤ በ0 ዲግሪ ግን 5 ግራም እንኳ አይሞላም። የሁለት ሰው ድንኳን ውስጡ 2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ስለዚህ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት የድንኳኑ አየር በሙሉ የሚችለው 10 ግራም ያህል ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ 500 ግራም ይሰጡታል። የቀረው የት ይሂድ? ወይ ከአየሩ ጋር ተጠርጎ ይወጣል፣ ወይ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል።

ጣሪያውን ይበልጥ የሚያባብሰው ሌላ ነገር አለ። ጥርት ባለ ሌሊት የድንኳኑ ጨርቅ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየሰደደ ከዙሪያው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሣሩ ላይ ጤዛ የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደመና የሌለበት የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ዝናብ ከሚዘንብበት ሌሊት የበለጠ ድንኳን ሊያረጥብ ይችላል፤ እንግዶቹም ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍርድ ስጡ። የትንፋሹ ውሃ ጨርቁን እንደ ጉም እኩል ይሸፍነዋል፤ ከራስጌ በኩል ይበረታል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ይብሳል፤ ፀሐይ ስትመታው ይጠፋል። የሚያፈስ ድንኳን ግን ቦታ አለው፦ ስፌት፣ የዚፕ ጫፍ፣ ገመድ የሚታሰርበት ማዕዘን፣ ወይም ወለሉ ላይ ጉልበት ያረፈበት። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ኃይለኛ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው ከውስጥ የተጠራቀመው ጠብታ ይራገፍና እንደ ካፊያ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ሰው ዝናቡ ጨርቁን ሰንጥቆ የገባ ይመስለዋል። አልገባም፤ የራሱ ትንፋሽ ነው የተመለሰለት።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ እኔ የማደርገውን አድርጉ። ድንኳኑን በቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ግቢ ውስጥ ወጥራችሁ ትከሉ። የስፌቱን የውስጥ በኩል በልብስ ሰፊ ጠመኔ አስምሩት፤ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ከዚያ በአትክልት ማጠጫ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ ከላይ አዝንቡበት። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ትንፋሽ የለም፤ የተገኘው እርጥበት ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። ጠመኔው የጠቆረበት፣ ጋዜጣው ላይ ክብ ነጠብጣብ የታየበት ቦታ ቀዳዳችሁ ነው። የብርቱካናማው ድንኳን ጠመኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ነጣ ቀረ። ልጁን «ድንኳንህ ጤነኛ ነው፤ የተከልክበትን ቦታ ንገረኝ» አልሁት። ወንዙ ዳር፣ ጎድጓዳው ሣር ላይ፣ በሩን እስከ ታች ዘግቶ ነበር።

ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ሌሊት ጎድጓዳ ቦታና የወንዝ ዳር ከሁሉ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱም እዚያው ይተኛል። ከወንዙ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ ውጡ። ዛፍ ካለ ከዛፍ ሥር ትከሉ፤ ሳንቃበር ካምፕ አካባቢ አስታ የተባለው ዛፍ ጣሪያ ይሆናችኋል። ቅጠሉ በድንኳኑና በሰማዩ መካከል ስለሚገባ ጨርቁ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ልዩነቱን ለማየት ሁለት ድንኳን፣ አንዱን ከአስታ ሥር አንዱን ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሌሊት ትከሉና በማለዳ በእጃችሁ ዳብሱ። ደረቅ የሞተ ቅርንጫፍ ግን ከላያችሁ አለመኖሩን ቀና ብላችሁ እዩ። ግጭ ላይ ዛፍ የለም፤ ያለው ጓሳና ጅብራ ነው፤ እዚያ የሚቀራችሁ ነፋስ ነው።

ነፋስን አትፍሩት። የበረደው ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ቀዳዳውን ሁሉ መዝጋት ነው፤ ድንኳኑ የሚረጥበውም በዚያው ነው። አየር እንዲዞር አንድ ዝቅተኛ መግቢያና አንድ ከፍተኛ መውጫ ያስፈልገዋል። የውጪውን በር ከታች አንድ ስንዝር ክፈቱለት፤ ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት በድጋፏ አቁሟት፤ የውጪው ጨርቅ ጠርዝ ከመሬት አንድ እጅ ከፍ ይበል። ብርዱ በድንኳኑ መዘጋት አይመለስም፤ የሚመልሰው የመኝታ ከረጢቱና ከሥር ያለው ፍራሽ ነው። በደረቅ ከረጢት ትንሽ ነፋስ እየነካችሁ ማደር በረጠበ ከረጢት በዝግ ድንኳን ከማደር እጅግ ይሻላል።

የጎን ገመዶቹን የሚንቃቸው ብዙ ነው። ለነፋስ ብቻ ይመስሉታል። ሥራቸው የውጪውን ጨርቅ ከውስጡ አርቆ መያዝም ነው። ሁለቱ ከተነካኩ አቡጀዲው ቆርቆሮው ላይ ተለጠፈ ማለት ነው፤ ጠብታው ያልፋል። በተለይ ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ማታ ወጥራችሁ የተኛችሁበት ድንኳን እኩለ ሌሊት ላይ ሆዱ ይረግባል። ከመተኛታችሁ በፊት ወጥታችሁ ገመዱን አንድ ጊዜ ሳቡት። ፖሊስተር ይህ ጠባይ የለውም ማለት ይቻላል፤ ፀሐይንም ከናይለን ይበልጥ ይችላል። ድንኳን ወቅቱን ሙሉ ተተክሎ ለሚቆይበት ሥራ እኔ ፖሊስተሩን እመርጣለሁ።

የረጠበ ልብስና ጫማ ከውስጠኛው ክፍል አውጡ፤ በረንዳው ላይ፣ ማለትም በውጪው ጨርቅና በውስጠኛው በር መካከል ባለው ቦታ፣ ይደር። በረንዳው መሬቱ እርጥብ ከሆነ ላስቲክ አንጥፉበት፤ መሬቱም ራሱ እንፋሎት ያወጣል። ፊታችሁን ከረጢቱ ውስጥ ከትታችሁ አትተንፍሱ። እግራችሁ የጣሪያውን ተዳፋት የሚነካ ከሆነ የዝናብ ካፖርታችሁን ከረጢቱ እግር ላይ ጣሉበት። በታኅሣሥና በጥር ጨነቅና ግጭ ካምፖች ላይ ጠብታው ከውስጥ በኩል በረዶ ሆኖ ያድራል፤ ያኔ ፀሐይዋ ጨርቁን ሳትነካ ተነሡና አራግፉት፤ በረዶነቱ ሳይቀልጥ ተጠርጎ ይወጣል። ከቀለጠ ግን ሁሉም ወደ ውስጥ ነው የሚወርደው። ለሌላው ቀን ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጨርቅ ያዙ፤ ጥጡ ጠብታውን ይጠጣል፣ ጨምቃችሁ ደግማችሁ ታብሱበታላችሁ። ለብርቱካናማው ድንኳን ባለቤት የሰጠሁት መድኃኒት ይህች ቁራጭ ነጠላ ብቻ ነበረች።

ከዚህ በኋላ የምለውን በሙሉ ልብ ስሙኝ። ድንኳን ውስጥ ምግብ አታብስሉ፤ ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ። የሚፈላው ድስት በአጭር ጊዜ ብዙ እንፋሎት ይሰጣል፤ እሱስ ይታበሳል። የከሰል ጭስ ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ እንኳ አይቆምም። ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አየርም አያሳልፍም ብያለሁ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ተሰምቷቸው «ከፍታው ነው» ብለው የተኙ ሰዎች ላይነቁ ይችላሉ። ለጠባቂዎቹም፣ ለበቅሎ ነጂዎቹም፣ ብርድ ለሚያንቀጠቅጣቸው ሁሉ ይህን ሳልናገር ድንኳን ከሱቄ አላስወጣም።

አሁን በእውነት ወደሚያፈሰው ድንኳን እንምጣ። መለያው ላይ «1,500 ሚ.ሜ» ወይም «3,000 ሚ.ሜ» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ቆሞበት ውሃው ጠብ ማለት እስኪጀምር ድረስ የቻለው ከፍታ ነው። ለጣሪያ 1,500 በቂ ነው፤ ዝናብ ያን ያህል አይጫንም። ወለል ግን ሌላ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሁለት ጉልበቱ ቢንበረከክና ጉልበቶቹ የሚያርፉበት ቦታ በድምሩ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚጫነው ግፊት 5,000 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው ውሃ ጋር እኩል ነው። እርጥብ መሬት ላይ ጉልበት ያረፈበት ቦታ የሚረጥበው ለዚህ ነው። ከወለሉ ሥር ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ ከድንኳኑ ጠርዝ ግን አንድ እጅ ወደ ውስጥ ይግባ። ጠርዙ ከወጣ ዝናቡን ሰብስቦ ከሥራችሁ ኩሬ ይሠራል።

ስፌት ለመድፈን የጨርቁን ሽፋን ማወቅ ግድ ነው። ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል፤ ሲሊኮንና ፖሊዩረቴን። ሲሊኮን የተቀባው ፊት ያንሸራትታል፣ ስኮች ስትለጥፉበት አይዝም። ፖሊዩረቴን የተቀባው ስኮቹን አጥብቆ ይይዛል። ብዙ ድንኳኖች በውጭ ሲሊኮን፣ በውስጥ ፖሊዩረቴን ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ፊት ሞክሩ። በሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር የሚጣበቅ የለም፤ ሌላ ሙጫ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሣል። ፖሊዩረቴን ላይ ደግሞ የፖሊዩረቴን የስፌት ሙጫ ይቀባል።

ለሲሊኮኑ ጨርቅ፣ መስታወት የሚገጥሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀለም የሌለው ንጹሕ ሲሊኮን ይበቃል። ቱቦው ላይ ከሌላ ነገር ያልተደባለቀ መሆኑን አንብቡ። እንዳለ ከቀባችሁት ወፍራም ሆኖ ክሩ ውስጥ አይገባም። የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ጨምሩበትና እንደ እንጀራ ሊጥ እስኪፈስስ አማስሉት። የመኪና ቀለም ቲነር ግን አትጠቀሙ፤ ሽፋኑን ሊበላው ይችላል። ሥራው ውጭ፣ ከእሳት ርቆ፣ ነፋስ ባለበት ይሠራ። ድንኳኑን ወጥራችሁ ትከሉት፤ ስፌቱ ሲወጠር የመርፌው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ ሲሊኮኑም ይገባባቸዋል። ስፌቱን በአልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ጣት በምታህል ብሩሽ ከውጭ በኩል፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እያለፋችሁ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ የተረፈውን ወዲያው ጥረጉት። ጥድፊያ አያስፈልግም፤ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተዉት። ሲደርቅ የሕፃናት ገላ ፓውደር ነስንሱበት፤ አለበለዚያ ሲጠቀለል እርስ በርሱ ይያያዛል።

የተቀደደ ቦታ ካለውና የምትሰፉት ከሆነ የጥጥ ክር አትጠቀሙ። በሸራ ላይ ያመሰገንሁት ያ ክር እዚህ ይበሰብሳል፤ ናይለኑ እንደ ጥጥ ሸራ ስለማያብጥም ቀዳዳው አይደፈንም። የፖሊስተር ክርና ካላችሁ ሁሉ ቀጭኗን መርፌ ውሰዱ፤ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ በኋላ የምትደፍኑት ቀዳዳ ነው።

አንዳንድ ድንኳን ሲገለጥ ይጣበቃል፣ ኮምጣጣ መጥፎ ሽታ አለው፣ ከውስጡ እንደ ፎረፎር ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። ፖሊዩረቴኑ በእርጥበት ፈርሷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ወራት መቀመጡ። ይህን ሙጫም ቅባትም አያድነውም። ባለቤቱን ሳሳዝነውም እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ወለሉ ከሆነ በሌላ ጨርቅ እቀይርለታለሁ፣ ጣሪያው ከሆነ ዚፑን፣ መንጠቆዎቹንና ገመዶቹን ለሌላ ጥገና አወልቅና የቀረውን ለዕቃ መሸፈኛ እሰጠዋለሁ።

ከጉዞ የተመለሰ ድንኳን በዚያው ቀን ይከፈት። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃና በስፖንጅ እጠቡ፤ የዱቄት ሳሙና ጨርቁ ላይ ውሃ የሚስብ ቅሪት ስለሚተው አትንኩት። በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ ስቀሉት፤ ማዕዘኖቹንና የዚፑን እጥፋት በጣታችሁ ዳብሱ፣ መጨረሻ የሚደርቁት እነሱ ናቸው። ከዚያ በጠባቡ ከረጢቱ አትጨቁኑት፤ ሰፊ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ላላ አድርጋችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ኪሶቹንም ገልብጣችሁ አራግፉ። ባለፈው ክረምት አንዲት አይጥ አዲስ ጣሪያ በሦስት ቦታ የበላችው በኪሱ ውስጥ ለቀረች የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ነበር።